ስንዴ የተከለከለች ልጅም ፒዛ ትበላለች

«ትንሽ ብትቀምስ ምን ትሆናለች?» ሴሊያክ የሚባለው ሕመም ያለባት ልጅ ባለችበት ቤት ይህ ጥያቄ አንድ ቀን መነሳቱ አይቀርም። ብዙ ጊዜ የሚያነሱት አያቶች ናቸው። ሌላው እየበላ ልጅ ቆማ ስታይ አንጀታቸው አይችልም። መልሱ ግን አጭር ነው፤ ትንሹም ይጎዳታል። ደግነቱ ልጅቷ የተከለከለችው ስንዴ እንጂ ፒዛ አይደለም።

ሕመሙ ምንድን ነው?

ግሉተን በስንዴ፣ በገብስና ራይ በሚባለው የአውሮፓ እህል ውስጥ የሚገኝ ፕሮቲን ነው። ሊጡ እንዲለጠጥ፣ ዳቦውም እንዲነፋ የሚያደርገው እሱ ነው። ሴሊያክ ያለበት ሰው ግሉተን ሲበላ የገዛ ሰውነቱ የመከላከያ ኃይል የትንሹን አንጀት ግድግዳ ያጠቃል። አንጀቱ ሲጎዳ ምግቡን በደንብ አይመጥም። ልጆች ሆዳቸው ይነፋል፣ ያስቀምጣቸዋል፣ ደም ያንሳቸዋል፣ በቁመትና በክብደት ከእኩዮቻቸው ወደኋላ ይቀራሉ። በዓለም ላይ ከመቶ ሰው አንዱ ገደማ ሕመሙ እንዳለበት ይገመታል።

የሕመሙ መነሻ ስንዴ መሆኑን ያረጋገጠው ቪለም ዲከ የተባለ የኔዘርላንድስ የሕፃናት ሐኪም ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፣ በ1944 እና 1945 እ.ኤ.አ. ክረምት፣ በአገሩ ረሃብ ገብቶ ዳቦ ሲጠፋ የእሱ ሕሙማን ሕፃናት ተሻላቸው። ዳቦው ሲመለስ ሕመሙም ተመለሰ። ዛሬም ያለው ሕክምና ዕድሜ ልክ ከግሉተን መራቅ ብቻ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ አለ። ልጅዎን ከተጠራጠሩ ሐኪም ሳያይ ስንዴ አያስቁሙ። የደም ምርመራው ልጅቷ ግሉተን እየበላች ካልተደረገ ውጤቱ ሊያሳስት ይችላል። ሕመሙ በቤተሰብ ስለሚሄድ ከተገኘባት በኋላ ወላጆችና ወንድም እህቶችም ቢመረመሩ ጥሩ ነው።

ዝግጁ ቂጣ ሲገዙ

ከግሉተን ነፃ የሆነ ዝግጁ የፒዛ ቂጣ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከሩዝ ዱቄት፣ ከበቆሎ፣ ከድንች ወይም ከካሳቫ ስታርች ነው። አንዳንዱ በረዶ ሆኖ፣ አንዳንዱ ደግሞ አየር በማያስገባ ፕላስቲክ ታሽጎ ይሸጣል። ውጭ አገር ያለ ዘመድ «ምን ላምጣ?» ካለዎት የታሸገውን ይዘዙ፤ በረዶው መንገድ ላይ ይቀልጣል።

ማሸጊያው ላይ «ከግሉተን ነፃ» የሚለውን ይፈልጉ። በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ ኅብረት ይህ ጽሑፍ የሚፈቀደው በአንድ ኪሎ እስከ 20 ሚሊግራም ለሚሆን የግሉተን መጠን ነው። «ስንዴ የሌለበት» ማለት ግን ሌላ ነው፤ ገብስ ሊኖርበት ይችላል። የአበባ ጎመን ቂጣም ሁሉም ከስንዴ የጸዳ ስላልሆነ ዝርዝሩን ያንብቡ። ለጾም ከሆነ እንቁላልና ወተት አለመግባቱንም ይዩ። ከላይ የሚጨመረውንም አይርሱ፤ ሶሴጅና የተዘጋጀ ሶስ ውስጥ ዱቄት ሊገባ ይችላል። ትኩስ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ሽንኩርትና ተራ ቺዝ ግን አያሳስቡም።

ሲጋግሩት

ይህ ቂጣ ግሉተን ስለሌለው ውሃ ከበዛበት ይላቁጣል፣ ሲያነሱትም ይሰበራል። ስለዚህ ኦቨኑን እስከ 220 ዲግሪ በደንብ ያሙቁ። ቂጣውን ምንም ሳይጨምሩበት አምስት ደቂቃ ያህል ያስገቡት። ከዚያ ቲማቲሙን ስስ አድርገው ይቀቡ፤ እንጉዳይ ወይም ቆስጣ ከሆነ ቀድመው ጠብሰው ውሃውን ያጥፉ። ቺዙ ቀልጦ ጠርዙ ቡናማ እስኪሆን ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃዋል። ማሸጊያው የራሱ መመሪያ ካለው እሱን ይከተሉ። ካወጡት በኋላ ሁለት ደቂቃ ይረፍና ይቁረጡት።

ፍርፋሪው ነው ጠላቱ

ሕመሙ ባለባቸው አዋቂዎች ላይ በተደረገ ጥናት በቀን 50 ሚሊግራም ግሉተን ለሦስት ወር መውሰድ አንጀትን እንደሚጎዳ ታይቷል። አንድ ቁራጭ የስንዴ ዳቦ ብቻውን ከ2 ሺህ ሚሊግራም በላይ ሊይዝ ይችላል። «ትንሽ» የምንለው ስንት እንደሆነ ከዚህ መገመት ይቻላል።

ስለዚህ በአንድ ቤት ሁለት ዓይነት ፒዛ የሚጋገር ከሆነ የልጅቷ ይቅደም። አብረው ከገቡ የእሷ ከላይ፣ የስንዴው ከታች ይሁን። ትሪው ላይ አዲስ የመጋገሪያ ወረቀት ያንጥፉ፤ ቢላዋና ወንፊት ለብቻዋ ይኑራት። ፒዛ ቤት ቂጣዋን ይዞ መሄድ ብቻውን አይበቃም፤ እዚያ የስንዴ ዱቄቱ ጠረጴዛውም ኦቨኑም ላይ አለ። አያቶችም ማጉረስ ሲፈልጉ ከራሷ ሳህን ያጉርሷት፤ ዳቦ የቆረሱበትን እጅ ግን አስቀድመው ይታጠቡ።

ጤፍ አለልን

ዝግጁው ቂጣ ካልተገኘ ወይም ዋጋው ከከበደ ጤፍ ግሉተን የለውም። ጥንቃቄ የሚሻው ወፍጮ ቤት ነው፤ ከእርስዎ በፊት ስንዴ ከተፈጨ የቀረው ዱቄት ከጤፍዎ ጋር ይወጣል። ጤፍ ብቻ የሚፈጭበት ቤት ይፈልጉ። እህሉም በደንብ ተበጥሮና ተለቅሞ ይሁን። ከውጭ የሚገዛ እንጀራም ስንዴ ወይም ገብስ ሊቀላቀልበት ስለሚችል ሳይጠይቁ አይስጧት።

ለሁለት መካከለኛ ቂጣ ሁለት ኩባያ የጤፍ ዱቄት፣ አንድ ኩባያ ተኩል ለብ ያለ ውሃ፣ ሁለት እንቁላል፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይትና ትንሽ ጨው አቡክተው 20 ደቂቃ ያሳርፉት። ለጾም በእንቁላሉ ፈንታ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በስድስት ማንኪያ ውሃ ዘፍዝፈው ይጨምሩ። ዘይት በተቀባ ወረቀት ላይ ስስ አድርገው ይዘርጉትና በ200 ዲግሪ ላዩ እስኪደርቅ፣ 15 ደቂቃ ገደማ ይጋግሩ። ሲቀዘቅዝ በየመሐሉ ወረቀት አድርገው ፍሪዘር ውስጥ ያስቀምጡ።

የሚገዛው ቂጣ ብዙውን ጊዜ ስታርች የበዛበትና አሰር ያነሰው ስለሆነ ጤናማ ለሆነ ሰው የተለየ ጥቅም የለውም፤ ክብደት መቀነሻም አይደለም። ለልጅቷ ግን ከሌሎች ልጆች ጋር አብራ የምትበላበት መንገድ ነው። ልደት ከተጠራች የደጋሹን ቤተሰብ ቀደም ብለው ያነጋግሩ። የተጋገረውን ፒዛ በፎይል ጠቅልለው፣ ስሟን ጽፈውበት ይስጧት። የሚሞቅ ከሆነ ከነፎይሉ ይሙቅ፤ ሲቆረጥም በራሷ ቢላዋ ይሁን።