ጊታሩን ከመክሰሳችን በፊት

ኤሌክትሪክ ጊታር አምፕሊፋየር ላይ ተሰክቶ ገና አንድ ክር ሳይነካ የሚያጉመተምት ከሆነ፣ በእኛ አገር የመጀመሪያው ፍርድ "ጊታሩ ተበላሽቷል" የሚል ነው። ይግባኝ ቢባልበት እንኳ "የቻይና ነዋ!" ተብሎ ይጸናል። ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ የተነሳው ተከሳሽ ከ380 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ጠጋኝ ዘንድ ይቀርባል። እዚያ ሲሰካ ጸጥ ይላል። "ምንም የለበትም" ተብሎ ይመለሳል፤ የመጣበት አዳራሽ ሲገባ ደግሞ ማጉምተምተሙን ይቀጥላል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው።

ይህ ጸሐፊ የተማረው ሕግ እንጂ ኤሌክትሮኒክስ አይደለም። ነገር ግን ሁለቱ ሙያዎች አንድ ሥርዓት ይጋራሉ፤ ተጠርጣሪዎችን አንድ በአንድ እየለዩ ማጣራት እንጂ በጅምላ መፍረድ የለም። አበው "ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ" የሚሉትም ለዚሁ ነው። በተለይ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ግጭቱ መንገዱን እየዘጋ ባስቸገረበት በምዕራብ ጎጃም፣ ዕቃ ተሸክሞ መዲና መመላለስ ቀላል አይደለም። ባለሙያው ባለበት ቦታ ችግሩን መለየት መቻሉ የእንጀራ ጉዳይ ነው። ወደ ኋላ እንደምናየው የሕይወት ጉዳይም ነው።

በመጀመሪያ ጩኸቱን በስሙ እንጥራው። ዝቅ ብሎ ያለማቋረጥ የሚያጉመተምት አለ፤ ዝናብ በቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ "ሽሽሽ" የሚል አለ፤ ገመዱ ሲነቃነቅ ብቻ "ቋ፣ ቋ" የሚል አለ፤ ጆሮ የሚበሳ ፉጨትም አለ። አራቱም በአማርኛ "ጩኸት" ይባሉ እንጂ ወላጆቻቸው የተለያዩ ናቸው።

ከሁሉ የሚበዛው ጉምጉምታው ነው። የአገራችን መብራት 220 ቮልት ሲሆን በሴኮንድ 50 ዑደት ይመላለሳል። ጊታር ላይ ያለው ፒካፕ ደግሞ ማግኔትና በላዩ በሺዎች ለሚቆጠር ዙር የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው። የክሩን ንዝረት እንደሚለቅም ሁሉ በአካባቢው ያለውን የመብራት ንዝረትም ይለቅማል። ጆሮ ያለው ሙዚቀኛ ይህን በቀላሉ ይለየዋል። የ50 ዑደቱ ድምፅ ከጊታሩ ወፍራም ክር በታች ነው፤ እጥፉ ማለትም 100 ዑደት ግን በስድስተኛው ክር ሦስተኛ ፍሬት ላይ ከሚገኘው ጂ ጋር ሊገጥም ጥቂት ይቀረዋል። በፈጣን ጭፈራ መሐል የማይሰማው ይህ ጉምጉምታ፣ ዝምታ የሚበዛበት ዝግ ያለ የትዝታ ዘፈን ሲመጣ ይጋለጣል።

አሁን ወደ ምርመራው። ጊታሩን፣ ገመዱን፣ ፔዳሉን ሁሉ አስወግዱና አምፕሊፋየሩን ለብቻው አብሩት። ለብቻው የሚጮኽ ከሆነ ጊታሩ በነፃ ይሰናበታል፤ ጥፋቱ ያለው በመብራቱ ወይም በአምፕሊፋየሩ ነው። ሁለቱን ለመለየት ሽቦው በደንብ ወደተሠራ ሌላ ቤት ወስዶ መሰካት ይበቃል። ጩኸቱ ከተከተለው በሽታው የራሱ ነው፤ ብዙ ጊዜም ያረጁ ካፓሲተሮች ናቸው። ይህን ራስ ከፍቶ መነካካት አይገባም። በተለይ ባለ ቱቦ አምፕሊፋየር ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ሰው የሚጎዳ ኤሌክትሪክ በውስጡ ሊያቆይ ይችላል።

አምፕሊፋየሩ ለብቻው ጸጥ ካለ፣ ጊታሩን በአንድ ገመድ ብቻ ሰክታችሁ የጊታሩን ቮልዩም ዜሮ አድርጉት። አሁን ከጮኸ ተጠርጣሪው ገመዱ ነው፤ ጃኩን ሲያወዛውዙት "ቋ፣ ቋ" ካለማ አመነ ማለት ነው። ሌላ ገመድ መሞከር የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

ቀጥሎ ቮልዩሙን ክፈቱና ጊታሩን ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ዙሩ። ጩኸቱ እንደ ፊታችሁ አቅጣጫ ከፍ ዝቅ ካለ ፒካፑ የአካባቢውን ንዝረት እየለቀመ ነው። የሸምበቆ አምፖሉን፣ ስታብላይዘሩን፣ ፍሪጁን፣ የስልክ ቻርጀሩን በተራ እያጠፉ ጥፋተኛውን ማግኘት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1954 እንደወጣው ስትራቶካስተር ያሉ ባለ ነጠላ ጥቅል ፒካፖች ይህ ባሕርይ አብሯቸው የተፈጠረ ነው። የጊብሰኑ ሴት ላቨር በ1950ዎቹ አጋማሽ ሃምበከር የተባለውን ባለ ሁለት ጥቅል ፒካፕ የሠራው ይህንኑ ለማሸነፍ ነበር፤ ሁለቱ ጥቅሎች በተቃራኒ ስለሚቆሙ የመብራቱ ንዝረት እርስ በርሱ ይጣፋል፤ የክሩ ድምፅ ግን ይደመራል።

በመጨረሻ ፔዳሎቹን አንድ በአንድ ጨምሩ። ብዙ ፔዳል በአንድ ርካሽ ቻርጀር መመገብ የታወቀ የጩኸት ምንጭ ነው። የተጠረጠረውን ፔዳል በ9 ቮልት ባትሪ ሞክሩት፤ ዝም ካለ ጥፋቱ የቻርጀሩ ነው። "ሽሽሽ" የሚለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ብልሽት ሳይሆን ጌኑ ከልክ በላይ መከፈቱ ነው።

እዚህ ላይ ዋናው ነገር ይመጣል። በቡሬ አካባቢ በአንድ ሠርግ ላይ ይህ ጸሐፊ ያየው አምፕሊፋየር ከአሜሪካ የመጣ ነበር። ስፒናው ሦስት እግር የነበረው ሲሆን ሦስተኛው ክቡ እግር በመጋዝ ተቆርጧል። ለምን ቢሉ፣ አንደኛ ማከፋፈያው ሁለት ቀዳዳ ብቻ ስለሆነ፤ ሁለተኛ "ሲቆረጥ ጩኸቱ ይቀንሳል" ስለተባለ። ችግሩ ሁለተኛው ምክንያት አንዳንድ ጊዜ እውነት መሆኑ ነው። አምፕሊፋየሩና ሚክሰሩ በተለያዩ ሶኬቶች በኩል ከመሬት ጋር ተገናኝተው እርስ በርሳቸውም በድምፅ ገመድ ሲያያዙ፣ የመሬቱ መስመር ክብ ይሠራና ጉምጉምታ ይፈጠራል። አንዱን የመሬት መስመር ስትቆርጡ ክቡ ይበጠሳል፤ ጩኸቱም ይጠፋል።

ነገር ግን ይህ ምስክር አፍኖ ክርክር እንደመርታት ነው። ያ ሦስተኛ እግር የተፈጠረው በአምፕሊፋየሩ ውስጥ አንድ ሽቦ ላልቶ ከብረት አካሉ ጋር ቢነካካ ኤሌክትሪኩ ወደ መሬት ወርዶ መከላከያውን እንዲያስቆርጥ ነው። እግሩ ከሌለ ኤሌክትሪኩ መውጫ እየጠበቀ በብረቱ፣ በገመዱ፣ በጊታሩ ክሮች ላይ ይቀመጣል። ዘፋኙ በግራ እጁ ክር ይዞ ከንፈሩን ወደ ማይክሮፎን ሲያስጠጋ መውጫው እሱ ራሱ ይሆናል። ይህ ማስፈራሪያ አይደለም። የስቶን ዘ ክሮውስ ባንድ ጊታሪስት ሌስ ሃርቪ እ.ኤ.አ. በ1972 በዌልስ ስዋንሲ ከተማ መድረክ ላይ የሞተው በአግባቡ ከመሬት ጋር ያልተገናኘ ማይክሮፎን ነክቶ ነው። የያርድበርድስ ዘፋኝ የነበረው ኪት ሬልፍም በ1976 በገዛ ቤቱ ጊታር ሲጫወት ኤሌክትሪክ ይዞት ሞቷል።

የእኛ ሁኔታ ሦስት ተጨማሪ ወጥመዶች አሉት። አንደኛው ዘመድ ከአሜሪካ የሚልከው ባለ 110 ቮልት ዕቃ ነው። ከ220 ወደ 110 የሚያወርዱት ብዙዎቹ ርካሽ ትራንስፎርመሮች የመሬት መስመር አያሳልፉም፤ ሲገዙ ይህን መጠየቅ ያስፈልጋል። ሁለተኛው፣ በጎንና በጎኑ የብረት ንክኪ ያለው ሶኬት ግድግዳ ላይ መታየቱ ከኋላው የመሬት ሽቦ ለመታሰሩ ማስረጃ አይሆንም፤ ኤሌክትሪሺያን ለክቶ ማረጋገጥ አለበት። ሦስተኛው ለገጠር ሠርግ ዳስ ሥር የሚቀመጠው ጄኔሬተር ነው። መሬቱ እርጥብ፣ የተጫዋቾቹ እግር አንዳንዴም ባዶ ነው። የጄኔሬተሩን አመሠራረት የሚያውቅ ባለሙያ ሳያየው መድረክ ባይጀመር ይመረጣል።

መፍትሔው ውድ አይደለም። አምፕሊፋየሩን፣ ፔዳሉንና ሚክሰሩን የመሬት መስመር ካለው ከአንድ ሶኬት፣ በአንድ ጥሩ ማከፋፈያ መመገብ ብቻውን ብዙውን ጉምጉምታ ያጠፋል። ካልጠፋ ዲአይ ቦክስ የተባለችው ትንሽ ሣጥን የድምፁን ገመድ የመሬት ግንኙነት ብቻ ትለያለች፤ የመብራቱን አትነካም። በተጨማሪ 30 ሚሊ አምፒር የሚያህል ኤሌክትሪክ ወደ ሰው ሲፈስ በቅጽበት የሚቆርጥ አርሲዲ የተባለ መከላከያ በመስመሩ ላይ ማስገባት ይገባል። ከመጫወት በፊት ማይክሮፎኑንና የጊታሩን ክር በቴስተር ካቻቢቴ መንካት አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ግን የቴስተሩ መብራት አለመብራት ብቻውን የደኅንነት ዋስትና አይደለም። ከንፈር ወይም ጣት ላይ ትንሽ መንዘር ከተሰማ "ለምደነዋል" ማለት የለም፤ ዋናው ማጥፊያ ወርዶ ሥራው ይቆማል።

ፉጨቱ የቀረን ነው። ባለሙያዎች ፊድባክ የሚሉት ሲሆን ጠባዩ የሐሜት ነው። ከስፒከሩ የወጣው ድምፅ በማይክሮፎኑ ወይም በፒካፑ ይገባል፤ ጎልቶ ይወጣል፤ እንደገና ይገባል፤ በየዙሩ እያበጠ መነሻውን ያጣል። እ.ኤ.አ. በ1964 ቢትልስ "አይ ፊል ፋይን" በተሰኘው ዘፈን መግቢያ ላይ ሆን ብለው ተጠቅመውበታል፤ ጂሚ ሄንድሪክስም የሙዚቃው አካል አድርጎታል። ሳይጠሩት ሲመጣ ግን መድኃኒቱ ዙሩን መበጠስ ነው። ስፒከሮቹ ከማይክሮፎኖቹ ፊት ለፊት ወደ ሕዝቡ ይዙሩ፤ ጊታሪስቱ ለአምፕሊፋየሩ ጀርባውን ይስጥ ወይም ራቅ ይበል፤ ጌኑ ይቀነስ፤ በሚክሰሩ ላይ የሚያፏጨው ድምፅ ብቻ ተለይቶ ዝቅ ይደረግ። ሲሚንቶ ግድግዳና ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው አዳራሽ ድምፅ ስለሚመልስ ከዳስ ይልቅ ያፏጫል፤ መጋረጃና የሕዝቡ ብዛት ይረዳሉ።

በጎጃም ከጊታር ይልቅ ክራርና ማሲንቆ ስለሚበዙ ይህ ለእነሱም መነገር አለበት። በቆዳ የተለበጠው ሆዳቸው ራሱ እንደ ማይክሮፎን ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ፒካፕ የተገጠመለት ክራር ከጊታር ቀድሞ ያፏጫል። ተጫዋቹን ከስፒከሩ ጎን ሳይሆን ከኋላው ማስቀመጥና ዝቅተኛውን ድምፅ መቀነስ ብዙ ያስታግሳል።

አንድ የሕግ ነጥብ ላክልና ላብቃ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው ጉዳቱን እንዲክስ ያስገድዳል። የመሬት መስመር የሌለው ሶኬት እያወቀ መድረክ የሚያከራይ የአዳራሽ ባለቤትም ሆነ የስፒናውን እግር የሚቆርጥ የድምፅ ባለሙያ አደጋ ሲደርስ "አላወቅሁም" ለማለት ይቸግረዋል። ከክሱ በፊት ግን የሚቀድመው ሕይወት ነው። ጩኸቱ አንድ ቦታ ላይ ስህተት እንዳለ የሚነግረን ምስክር ነው። ምስክሩን እንስማው እንጂ አናፍነው።

ቸር ይግጠመን።