ወጋጎዳ

ወጋጎዳ በቀድሞው ሰሜን ኦሞ ዞን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት የተዘጋጀ ቅይጥ ቋንቋ ነበር። ስሙ ወላይታ፣ ጋሞ፣ ጎፋ እና ዳውሮ ከሚሉት ስሞች የመጀመሪያ ፊደላት የተገጣጠመ ነው።

ሐሳቡ ሲሰሙት ቀላል ነበር። አራቱም የኦሜቶ ቋንቋዎች ስለሆኑ በጣም ይቀራረባሉ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ለሁሉም ቋንቋዎች እኩል እውቅና ከሰጠ በኋላ ለየብሔረሰቡ መጽሐፍ ማሳተምና መምህር ማሠልጠን ብዙ ወጪ ይጠይቅ ነበር። ለአራቱ አንድ መጽሐፍ ቢኖር ወጪው ይቀንሳል፣ ሕዝቡም ይቀራረባል የሚል ነበር መከራከሪያው።

ነገር ግን መቀራረብ አንድ መሆን አይደለም። ወጋጎዳን በቤቱ የሚናገር ሰው አልነበረም፤ አስተማሪው ራሱ ከተማሪው እኩል መማር ነበረበት። ወላይትኛ ደግሞ ቀድሞም የሚጻፍ ቋንቋ ነበር። በደርግ ዘመን በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተሰጠባቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ እርሱ ነው። ስለዚህ አዲሱ መጽሐፍ በወላይታ የታየው እንደ ስጦታ ሳይሆን ያለውን እንደ መንጠቅ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1999 መጨረሻ በወላይታ ሶዶ ተቃውሞ ተነሣ። መምህራንና ተማሪዎች መጽሐፉን አንቀበልም አሉ፤ ሰዎች ሞቱ፣ ብዙዎች ታሰሩ። በመጨረሻም መጽሐፉ ከትምህርት ቤቶች ተሰበሰበ። በእርግጥ ቁጣው የቋንቋ ብቻ አልነበረም፤ የዞኑ ዋና ከተማ አርባ ምንጭ ስለነበረች የሥራና የበጀት ክፍፍል ቅሬታም ከሥሩ ነበረበት። ይህ መዘንጋት የለበትም፤ መጽሐፉን በመሰብሰብ ብቻ ነገሩ ያልበረደው ለዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2000 ሰሜን ኦሞ ፈርሶ ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። ጋሞ ጎፋና ዳውሮም ዞን ሲሆኑ፣ ባስኬቶና ኮንታ ልዩ ወረዳ ሆኑ።

ዞን መሆንም የመጨረሻው መልስ አልሆነም። የዞኑ ምክር ቤት ታኅሣሥ 10 ቀን 2011 ዓ.ም. ወላይታ ክልል ይሁን ብሎ ወሰነ። በ2015 ዓ.ም. በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ የቀረቡት አማራጮች ግን ሁለት ብቻ ነበሩ፦ ከአጎራባች ዞኖችና ልዩ ወረዳዎች ጋር አዲስ የጋራ ክልል መመሥረት ወይም በነበረው ክልል መቆየት። ለብቻ ክልል መሆን በወረቀቱ ላይ አልነበረም። በወላይታ ድምፁ ሰኔ 12 ቀን እንደገና ተሰጠ፤ ከዚያም የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ፣ ወላይታ ሶዶም የክልሉ የፖለቲካና የአስተዳደር ማዕከል ሆነች።