ቤትን ይዞ መጓዝ፤ የመጀመሪያው የፈረንሳይ ገጠር ጉዞ እንዴት እንደሚታቀድ

ሰው ከቤቱ ወጥቶ መንገድ ሲጀምር ከሁሉ አስቀድሞ የሚያሳስበው የት አድራለሁ፤ ምን እበላለሁ የሚለው ነገር ነው። በአውሮፓ ግን ይህን ሐሳብ ለማቃለል ቤታቸውን በመኪና ላይ አድርገው የሚጓዙ ሰዎች ብዙዎች ናቸው። መኪናው በውስጡ አልጋ፤ የጋዝ ምድጃ፤ ማቀዝቀዣ፤ የውሃ ማጠራቀሚያና መጸዳጃ አለው። ፈረንሳዮች ይህን ዓይነት መኪና «ካምፒንግ ካር» ይሉታል። እኛ «የቤት መኪና» እንዳንለው በአማርኛ ይህ ስም ለግል መኪና የተሰጠ ነው፤ «ባለቤት መኪና» ብንለውም ሌላ ትርጉም ያመጣብናል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ «መኖሪያ መኪና» ብለን እንጠራዋለን።

እኛም በ2017 ዓ.ም. በግንቦት ወር ይህን የመሰለውን ጉዞ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞክረነዋል። ታላቅ እኅታችን በፈረንሳይ አገር በቱር ከተማ ከተቀመጠች ብዙ ዓመት ሆኗታል። እናታችንን ይዘን ልንጠይቃት በሄድን ጊዜ ከሥራዋ ያገኘችው ፈቃድ አምስት ቀን ብቻ ነበር። መኖሪያ መኪና ተከራይተን ሦስታችን አገር እንድናይ ተስማማን፤ የጉዞውንም ዕቅድ የማውጣቱን ሥራ ለራሳችን ወሰድን።

ካርታ ዘርግተን፤ ወረቀት አስምረን ሁለት ሌሊት ሠራን። በመጀመሪያው ቀን ወደ ሞን ሳን ሚሼል፤ በሁለተኛው ወደ ላ ሮሼል፤ ከዚያም ወደ ቦርዶ፤ ቀጥሎም ወደ ዶርዶኝ፤ በመጨረሻም ወደ ቱር እንመለሳለን አልን። ሲደመር 1,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆነ። እኅታችን ወረቀቱን ዝም ብላ አነበበችው። ካነበበችም በኋላ፤ «ወንድሜ፤ ሁሉም ሰዓት እዚህ ላይ ተጽፏል። እናታችን አረፍ ብለው ከእኔ ጋር የሚጫወቱበት ሰዓት ግን የቱ ነው?» ስትል ጠየቀችን።

የምንመልሰው አልነበረንም። እናታችን ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ጉልበታቸውም ያማቸዋል። ያን ያህል አገር አቋርጠው የመጡት ግንብ ለመቍጠር ሳይሆን ልጃቸውን ለማየት ነበር፤ ሌላ ጊዜ ተመልሰው ለመምጣታቸውም ዋስትና የሰጠን ማንም የለም። ስለዚህ ወረቀቱን ቀደን ዕቅዱን እንደ አዲስ ጻፍነው። ይህንኑ የመሰለ ጉዞ ለሚያስቡ ሁሉ ይጠቅም ዘንድ የተማርነውን በየተራው እንገልጻለን።

ስለ ወቅትና ስለ ወረቀት

ፈረንሳዮች በብዛት ለዕረፍት የሚወጡት ከሰኔ ማገባደጃ እስከ ነሐሴ ማገባደጃ ባለው ጊዜ ነው። በዚህ ወራት ማደሪያው ይሞላል፤ መንገዱም ይጣበባል። ለጀማሪ የሚስማማው ግንቦትና የሰኔ መጀመሪያ፤ ወይም ደግሞ መስከረም ነው።

ከኢትዮጵያ የሚሄድ መንገደኛ የሸንገን ቪዛ ያስፈልገዋል፤ ከቪዛው ጋር ቢያንስ 30,000 ዩሮ ድረስ የሚሸፍን የጤና ኢንሹራንስ ይጠየቃል። በአገሩ መንጃ ፈቃድ ለመንዳት የሚፈልግ እንግዳም ፈቃዱን በሕጋዊ መንገድ ወደ ፈረንሳይኛ ማስተርጐም ወይም ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ መያዝ አለበት። አከራዮች በበኩላቸው የነጂውን ዕድሜና ስንት ዓመት እንደ ነዳ ይጠይቃሉ፤ መያዣ የሚሆን ገንዘብም ያስቀምጣሉ። የኪራዩን ውል ከመፈረም በፊት አደጋ ቢደርስ ተከራዩ ስንት እንደሚከፍል አጣርቶ ማንበብ ይገባል።

ስለ መኪናው ክብደትና ቁመት

በተራ መንጃ ፈቃድ የሚነዳው መኪና ከነጭነቱ ከ3.5 ቶን፤ ማለት ከ35 ኩንታል መብለጥ የለበትም። መኪናው ባዶውን ሳለ የዚህን ብዙውን ክፍል ይዞታል፤ ለሰውና ለዕቃ የሚቀረው ጥቂት ኩንታል ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናልና 100 ሊትር ውሃ ብቻውን አንድ ኩንታል ይወስዳል። እኅታችን ሽሮውን፤ በርበሬውን፤ ምስሩንና ጀበናውን ሁሉ ልትጭን ባሰበች ጊዜ ይህን ማስላት ግድ ሆነብን። ከባድ ዕቃ ዝቅ ብሎ መሬቱ አጠገብ፤ ቀላሉ ከፍ ብሎ በመደርደሪያ ላይ ይቀመጣል።

ቁመቱም እንደ ክብደቱ ሊታሰብበት ይገባል። ብዙው መኖሪያ መኪና ወደ 3 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ አለው። በፈረንሳይ ብዙ የመኪና ማቆሚያዎች መግቢያ ላይ ግን በ2 ሜትር ገደማ ከፍታ ብረት ተጋድሟል። ነጂው ይህን ዘንግቶ ቢገባ ጣራውን ይገፈፋል። እኛ የመኪናውን ቁመት በጕልህ ጽፈን ከመሪው ፊት ለጠፍነው።

ደግሞም ከባድ ማስጠንቀቂያ አለ። በመኪናው ውስጥ ከሰል ማቀጣጠል ፈጽሞ አይገባም፤ ከከሰል የሚወጣው ጭስ አልባ መርዝ ሰው ተኝቶ ሳለ ይገድላልና። እናታችን ቡናውን ያፈሉት መስኮት ተከፍቶ በጋዙ ምድጃ ላይ ነው። መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊትም ጋዙ ይዘጋል።

ስለ መንገዱ

በፈረንሳይ እንደ አገራችን በቀኝ በኩል ይነዳል። ከ35 ኩንታል ለማይበልጥ መኪና በከተማና በመንደር ውስጥ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር፤ በሰፊው አውራ ጎዳና ላይ በደረቅ ቀን 130፤ በዝናብ 110 ነው። ወዲያና ወዲህ የሚሄዱት መኪኖች ባልተለያዩበት የገጠር መንገድ ደግሞ ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ፍጥነቱ በሰዓት 80 እንዲሆን ታዟል፤ ከዚያ በኋላ አንዳንድ አውራጃዎች በአንዳንድ መንገድ ላይ ወደ 90 መልሰውታል። ስለዚህ የመንገዱን ምልክት ማየት ያስፈልጋል። ምልክት በሌለበት መስቀለኛ መንገድ ከቀኝ የሚመጣው ይቀድማል፤ በትንንሽ መንደሮች ውስጥ እንግዳን የሚያሳስተው ይህ ነው። ከ2008 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮም አንጸባራቂ ሰደርያና ሦስት ማዕዘን ምልክት በመኪናው ውስጥ እንዲኖር ሕጉ ያስገድዳል።

በሰፊው አውራ ጎዳና ላይ በብዙ ስፍራ ክፍያ አለ። ከፍታው ከ2 ሜትር በላይ ሆኖ 3 ሜትር የማይደርስና ከ35 ኩንታል የማይበልጥ መኪና በሁለተኛ ደረጃ ስለሚቈጠር ከተራ መኪና የበለጠ ይከፍላል። ይህ መንገድ ያፈጥናል፤ ነገር ግን መንደርን አያሳይም። ገጠር ለማየት የወጣ ሰው በታናናሾቹ መንገዶች ቢሄድ ይሻለዋል።

ስለ ማደሪያ

አንባቢዎቻችን ልብ እንዲሉልን የምንፈልገው አንድ ልዩነት አለ። በፈረንሳይ መኪናን ማቆምና መስፈር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መኖሪያ መኪና ባልተከለከለ ስፍራ እንደ ማንኛውም መኪና ሊቆም፤ ሰዎቹም በውስጡ ሊተኙ ይችላሉ። ወንበር አውጥቶ፤ ሸራ ዘርግቶ መቀመጥ ግን መስፈር ነው፤ ይህም በተፈቀደለት ቦታ ብቻ ይደረጋል። በባሕር ዳርቻና በታሪካዊ ቅርሶች አጠገብ እንደ ልብ መስፈር በሕግ የተከለከለ ነው።

ብዙ ማዘጋጃ ቤቶች ለእነዚህ መኪናዎች «ኤር» የሚባል ማቆሚያ አዘጋጅተዋል። አንዳንዱ በነጻ፤ አንዳንዱ በክፍያ ነው። በዚያም ንጹሕ ውሃ ይቀዳል፤ የዕቃ ማጠቢያው ቆሻሻ ውሃ ይፈስሳል፤ የመጸዳጃው ሣጥንም በተለየ ስፍራ ይገለበጣል። ይህን የመጨረሻውን ሥራ ማንም አይወደውም፤ ግን አንድ ሰው አስቀድሞ ካልተመደበለት በየማለዳው ጠብ ያመጣል። እኛ ዕቅድ አውጪ ስለ ነበርን ለራሳችን መደብነው። በአንዳንድ ስፍራ ውሃው የሚከፈተው እንደ ሳንቲም ባለ ብረት ሲሆን ይህም ከማዘጋጃ ቤቱ ወይም ከዳቦ ቤቱ ይገዛል። የገጠር ሱቆች ግን ብዙውን ጊዜ ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ለምሳ ይዘጋሉ፤ በፈረንሳዮች አቈጣጠር ከ12 እስከ 14 ሰዓት ማለት ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላም የሚከፈተው ጥቂት ነው።

እናታችን ከደጅ ተቀምጠው ቡና ማፍላት ስለሚወዱ ለመጀመሪያው ሌሊት የመረጥነው መስፈር የሚፈቀድበትን በአምቧዝ ከተማ አንጻር በሉዋር ወንዝ ደሴት ላይ ያለውን ሰፈር ነው። ለሌላው ሌሊት ደግሞ ገበሬዎችና ወይን ተካዮች እንግዳ የሚቀበሉበትን «ፍራንስ ፓሲዮን» የተባለውን ማኅበር ተጠቀምን። የዓመቱን መዋጮ የከፈለ መንገደኛ የአባላቱን አድራሻ የያዘ መጽሐፍ ይሰጠዋል፤ በየገበሬው ግቢም አንድ ሌሊት በነጻ ያድራል። የግድ ዕቃ ግዛ አይባልም፤ ደርሶ ባለቤቱን ሰላም ማለት ግን ግዴታ ነው።

ስለ ርቀት

አዲሱ ዕቅዳችን በሙሉ 200 ኪሎ ሜትር አይሞላም ነበር። ከቱር እስከ አምቧዝ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚያ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ በንጉሥ ፍራንሷ ቀዳማዊ ተጠርቶ የመጨረሻ ዓመታቱን ያሳለፈበትና በ1519 (እ.ኤ.አ.) ያረፈበት ክሎ ሉሴ የተባለው ቤት ይገኛል። ከአምቧዝ በአጭር መንገድ ሼርን የተባለውን ወንዝ ተሻግሮ የተሠራው የሼኖንሶ ግንብ ይደረሳል። ከዚያም በ1519 (እ.ኤ.አ.) ሥራው ወደ ተጀመረው ወደ ሻምቦር ቤተ መንግሥት ሄደን፤ በመጨረሻ ወንዙን ተከትለን ለመመለስ ወሰንን። መኪናውን የተቀበልነው ከሰዓት በኋላ ነበርና ለመጀመሪያው ቀን 25 ኪሎ ሜትር ይበቃል አልን። ውሃው፤ መብራቱ፤ አልጋው እንዴት እንደሚሠራ በብርሃን ሳሉ መማር ያስፈልጋል።

ይህን ሁሉ አስበን ሳለ በማግሥቱ ማለዳ ጥድፊያው መልሶ ያዘን። የመደርደሪያው መዝጊያ መያዙን ሳናይ ተነሣን። የመጀመሪያውን አደባባይ ስንዞር የምስሩ ዕቃ ወድቆ ምስሩ በወለሉ ሁሉ ተበተነ። መንገድ ዳር ቆመን ተንበርክከን ስንለቅም እናታችን፤ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አሉ። ከዚያ በኋላ መስኮት፤ የጣራ መክፈቻ፤ መወጣጫ፤ ጋዝ፤ መደርደሪያ የሚል ወረቀት ጽፈን በሩ ላይ ለጠፍን፤ ሳናነብም አልተነሣንም።

በፍየል አርቢዋ ግቢ

በሦስተኛው ቀን ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን ወደ አንዲት ፍየል አርቢ ግቢ ደረስን። በዚህ አገር ከፍየል ወተት የሚሠራው ሳንት ሞር የተባለው አይብ የታወቀ ነው፤ ረዘም ብሎ ተሠርቶ በመካከሉ ሰንበሌጥ ይገባበታል። ሴትዮዋ መኪናችንን የምናቆምበትን ሣር አሳየችን፤ ወንበር እንድናወጣም ፈቀደችልን። እናታችን ግን ወንበሩን ትተው ወደ አጥሩ ሄዱ። ፍየሎቹ ሲታለቡ እስኪመሽ ቆመው ተመለከቱ። ከሴትዮዋ ጋር የሚግባቡበት ቋንቋ አልነበራቸውም፤ አንዲቱን ፍየል ግን በእጃቸው እያመለከቱ በቅርቡ እንደምትወልድ አስረዷት፤ እርስዋም ሳቀችና ራስዋን ነቀነቀች።

በዚያ ምሽት ቡና እየጠጣን ሳለ እናታችን የልጅነታቸውን ነገር አነሡ። አንዲት ፍየል ጠፍታባቸው አባታቸውን ፈርተው ወደ ቤት ሳይመለሱ በገደል ሥር እንዳደሩ፤ አባታቸውም ችቦ ይዘው ሌሊቱን ሲፈልጓቸው አድረው ባገኟቸው ጊዜ ስለ ፍየሏ አንዳች ሳይጠይቁ በጫንቃቸው ተሸክመው እንደ መለሷቸው አጫወቱን። እኅታችን ይህን ታሪክ ከዚያ በፊት አልሰማችውም ነበር፤ እኛም አልሰማነውም።

በማግሥቱ ማለዳ ወደ ሻምቦር ልንነሣ ስንል እናታችን የጠዋቱን እልበት አይተው ለመሄድ ለመኑ። ከዕቅዱ ግማሽ ቀን ሠረዝን። ሻምቦርን ያየነው ወደ ማታ ከውጭ ብቻ ነው፤ ሁለት ሰዎች ሳይገናኙ ይወጡበታል የሚባለውን ጥምዝ ደረጃውን ለማየት አልደረስንም። ስለዚህም ማናችንም ቅር አልተሰኘንም።

እንግዲህ ይህን ጉዞ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያስብ ሰው ወረቀቱን፤ ክብደቱን፤ ቁመቱንና ማደሪያውን በጥንቃቄ ይመርምር እንላለን። ስለ ርቀቱ ግን መጀመሪያ ያሰበውን ጽፎ ሲጨርስ ለሚጓዙት ሁሉ ያስነብብ፤ ከዚያም ብዙውን ይቀንስ። ከአምስቱ ቀን አንዱን ግማሽ ቀን ምንም ሳይጽፍበት ባዶ ቢተወው መልካም ነው። እናታችን አገራቸው በገቡ ጊዜ ጎረቤቶቻቸው ፈረንሳይ አገር ምን አዩ ብለው ቢጠይቋቸው የነገሯቸው ስለዚያች ፍየል ነው፤ በቅርቡም እኅታችን ስልክ ደውላ መንታ መውለዷን አብሥራቸዋለች።