ቀሪው ማን ነው?

ጠዋት የክፍል አለቃው ስም ይጠራል። «አቤት» ያላለ ልጅ «ቀሪ» ተብሎ ይያዝበታል፤ የለም ማለት ነው። ያው ልጅ ማታ የእናቱን ስልክ ሲነካካ «ቀሪ ሂሳብዎ 35 ብር ነው» የሚል መልእክት ያነባል፤ ይህኛው ደግሞ አለ ማለት ነው።

«ቀረ» ሁለት ተቃራኒ ትርጉም ከተሸከሙ ቃላት አንዱ ነው። ዐረቦች እንዲህ ያሉትን «አድዳድ» ይሏቸዋል፤ እ.ኤ.አ. በ940 ያረፈው ሊቅ ኢብን አል-አንባሪ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ጽፎላቸዋል። «ጀውን» የሚለው የዐረብኛ ቃል ጥቁርም ነው፣ ነጭም። በሂንዲ «ካል» ትናንትም ነገም ነው። እኔ ግን «ቀረ»ን አብልጬ እወደዋለሁ፤ ተቃርኖው ከየት እንደ መጣ ቁልጭ ብሎ ይታያልና።

መንገደኞች ሲነሡ አንዱ አልተነሣም እንበል። ከቤት ያለው ሰው «እሱ ቀረ» ቢል አብሮኝ አለ ማለቱ ነው። መዳረሻው ላይ የሚጠብቀው ሰው «እሱ ቀረ» ቢል አልመጣም ማለቱ ነው። ሰውየው አንድ፣ ድርጊቱም አንድ፤ የተለያየው ተናጋሪው የቆመበት ቦታ ነው።

ታዲያ ስናወራ ለምን አንደናገርም? ቋንቋው ትንንሽ አጋዦች ስላሉት ነው። «እራቱን አስቀረችለት» ከተባለ ሳህኑ ተከድኖ ምድጃ ዳር ይጠብቀዋል። «እራቱን አስቀረችበት» ከተባለ ሰውየው ጦሙን አድሯል። ከ«ለ» እስከ «በ» ያለው ርቀት የአንድ ሌሊት ረሃብ ነው! አጋዥ ከሌለም ነገሩ ራሱ ይናገራል፤ ብር ቀረ ሲባል ተርፏል፣ ሠርግ ቀረ ሲባል ግን ድንኳኑ አይተከልም።

«ብድር መመለስ»ም የዚሁ ወገን ነው። ውለታ ለከፈለም፣ ደም ለተበቀለም እኩል ይባላል፤ የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው የሁለቱን ሰዎች የቆየ ነገር የሚያውቅ ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ሁለቱም የ«ቀረ» ትርጉሞች ባንድ ጊዜ እውነት ይሆናሉ። ልጇ ባሕር ማዶ ከሄደ ዓመታት የተቆጠሩባትን እናት ጎረቤት «ልጅሽስ?» ቢላት፣ «እዚያው ቀረ» ትላለች። እዚያ አለ፤ እዚህ የለም። ለፋሲካ ዶሮ ስትሠራ ግን አንድ እንቁላል ታስቀርለታለች።