ቴስታታና ካም ማስቀየር ያዋጣል?

ጓደኛችሁ «የኮሮላዬን ቴስታታና ካም ላስቀይር ነው» ቢላችሁ፣ መጀመሪያ ሞተሩን በስንት ዙር እንደሚነዳው ጠይቁት።

ቱርቦ የሌለው ሞተር አየር የሚነፋለት የለም። ፒስተኑ ሲወርድ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ይቀንስና የውጭው አየር ይገባል። በደቂቃ 6,000 ዙር ላይ ለዚህ ያለው ጊዜ 5 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው! የቴስታታው የአየር መግቢያ ሲሰፋ፣ ካሙም ቫልቩን ረዘም ላለ ጊዜ ከፍቶ ሲያቆየው ብዙ አየር ይገባል፤ ጉልበትም ይጨምራል።

በ2,000 ዙር ግን ጊዜው 15 ሚሊሰከንድ ነው፤ የፋብሪካው መግቢያ ይበቃል። እንዲያውም አዲሱ ካም ቫልቩን አዘግይቶ ስለሚዘጋው፣ ወደ ላይ የሚመለሰው ፒስተን ከገባው አየር ከፊሉን መልሶ ያስወጣዋል። መብራት ላይ ቆማችሁ ስትነሱ መኪናው ይደክምባችኋል።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። በ2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ የአየሩ ግፊት ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው ሩብ ያህል ያንሳል። ቴስታታው የቱንም ያህል ቢሰፋ የሚያስገባው ያንኑ ስስ አየር ነው። የጎደለውን አምቆ የሚሞላው ቱርቦ ነው።

ሁሌ በከፍተኛ ዙር ለሚነዳ የውድድር መኪና ያዋጣል። ለከተማ መኪና ግን እኔ ብሆን መጀመሪያ ኮምፕረሽኑን አስለካለሁ፤ ቫልቮቹ በደንብ የማይዘጉ ከሆነ እነሱን ማሠራት የጠፋውን ጉልበት በርካሽ ይመልሳል።