ስለ ልቡና ቁስልና ስለ ሕክምናው ሥርዓት

አጥንቱ የተሰበረ ሰው እንደ ሆነ ወዲያው ወጌሻ ይጠራለታል፤ ጎረቤቱም ሕመሙን አይቶ ያዝንለታል። በጦርነት፣ በእሳት፣ በጎርፍ ወይም በወንበዴ እጅ ከሞት አፋፍ ደርሶ የተረፈ ሰው ግን አካሉ ደኅና መስሎ ስለሚታይ፣ በውስጡ መታመሙን የሚያውቅለት ጥቂት ነው። ሌሊት እየባነነ ይጮኻል፤ በር ሲንኳኳ ይደነግጣል፤ አደጋው በደረሰበት መንገድ ላለማለፍ ሲል ብዙ ይዞራል፤ ከዘመድ ጋር ተቀምጦ መብላትና መጫወትም ያስጠላዋል። ሕመምተኛው ልጅ የሆነ እንደ ሆነ ነገሩ ይብሳል። ዐይኑ በሰሌዳው ላይ ሳለ ልቡ በሌላ ስፍራ ነውና፣ ሰነፍ ወይም እልከኛ ተብሎ ይገረፋል።

በሽተኛን እንደ ጥፋተኛ መቅጣት በመንደር ብቻ የተደረገ ስሕተት አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።) በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1915 ዓ/ም፣ ቻርልስ ማየርስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም መድፍ በአጠገባቸው ፈንድቶ፣ አካላቸው ብዙም ሳይጐዳ ማየትና ማሽተት ስለ ተሳናቸው ወታደሮች በሕክምና መጽሔት ጽፎ ነበር። ይህ ከተጻፈ በኋላም እንኳ ብዙ ወታደሮች በፈሪነት፣ ከጦር ሜዳ በመኰብለልና ይህን በመሰለ ጥፋት በገዛ ወገኖቻቸው ጥይት ተገደሉ። ከእነዚህም አንዳንዶቹ በዚህ ሕመም የተያዙ ነበሩ። የእንግሊዝ መንግሥት ለ306ቱ ምሕረት የሰጠው በ2006 ዓ/ም፣ ዘጠና ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ ነው። ሕመሙም የራሱ ስም ተሰጥቶት በአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የበሽታዎች መዝገብ የተጻፈው በ1980 ዓ/ም ነው።

ክፉ ነገር ያየ ሰው ሁሉ ግን በዚህ ሕመም ይያዛል ማለት አይደለም። የሚበዛው ሰው ጥቂት ሳምንት ተጨንቆ፣ በቤተ ሰቡ መካከል ዐርፎ፣ ወደ ሥራው ሲመለስ በራሱ ይድናል። ሐኪሞች በሽታ ነው የሚሉት ቅዠቱ፣ ድንጋጤውና ሽሽቱ ከአንድ ወር በላይ ሲቈይና ሥራን ወይም ትምህርትን ሲያሰናክል ነው።

የሕመሙን ምክንያት ለማስተዋል የትዝታን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ሰው ያለፈውን ሲያስታውስ ሁለት ነገር አብሮ ይመጣለታል። አንደኛው ነገሩ መቼ፣ የት፣ ከምን በኋላ እንደ ሆነ ነው፤ ሁለተኛው ዐይን ያየው፣ አፍንጫ ያሸተተው፣ ልብም የደነገጠው ነው። የፊተኛውን ቀዝቃዛ ትዝታ፣ የኋለኛውን ትኩስ ትዝታ ይሉታል። በብርቱ ፍርሃት ጊዜ ትኩሱ በጥልቅ ይታተማል፤ ቀዝቃዛው ግን ይበታተናል። ስለዚህ ቤቷ በጦርነት የተቃጠለባት ሴት የጎረቤት ማድቤት ጢስ በሸተታት ጊዜ፣ እሳቱ ከሦስት ዓመት በፊት የሆነ ሳይሆን አሁን የሚነድ ይመስላታል። ትዝታው ቀንና ስፍራ የለውምና አላለፈም።

ሽማግሌዎች «እርሳው፤ ያለፈ አልፏል» ብለው የሚያጽናኑት በቅን ልብ ነው። ነገር ግን ሕመምተኛው ለመርሳት ከመጣጣር ያረፈበት ቀን የለም፤ ከትዝታውም በሸሸ ቍጥር ፍርሃቱ ይበረታበታል። ሕክምናው የሚሄደው በተቃራኒው መንገድ ነው። የተበታተነውን ትዝታ በዝግታ ሰብስቦ፣ በሰውየው የሕይወት ታሪክ ውስጥ በተገቢው ስፍራ ያኖረዋል።

ከእንዲህ ዐይነቶቹ ሕክምናዎች አንዱ ለመንደር ኑሮ የሚስማማ ነው። ያዘጋጁት በጀርመን አገር በኮንስታንዝ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ማጊ ሻወር፣ ፍራንክ ኖይነርና ቶማስ ኤልበርት ናቸው። ሥርዓቱ እንዲህ ነው። አስታማሚው በመጀመሪያ የሕመሙን ጠባይ ለታማሚው ያስረዳዋል። ቀጥሎ በመሬት ላይ ገመድ ይዘረጋል፤ አንደኛው ጫፍ የልደት ቀን ነው፤ ሌላው ጫፍ ገና ያልመጣው ዘመን ስለ ሆነ እንደ ተጠቀለለ ይተዋል። ታማሚው በኑሮው ደስ ባሰኘው ነገር ስፍራ አበባ፣ ክፉ ባገኘው ስፍራ ደግሞ ድንጋይ ያኖራል፤ እንደ ነገሩም ክብደት ትልቁን ወይም ትንሹን ድንጋይ ይመርጣል። በዚህ ቀን ዝርዝሩ አይነገርም፤ የሚጠየቀው ስሙና ጊዜው ብቻ ነው።

በሚቀጥሉት ቀናት ታማሚው ታሪኩን ከልደቱ ጀምሮ በተራ ይናገራል። ከድንጋይ በደረሰ ጊዜ አስታማሚው ነገሩን ያዘገየዋል፦ በዚያ ሰዓት ምን አየህ? ምን ሰማህ? ምን አሰብህ? ሰውነትህስ ምን ሆነ? አሁን ስትናገረው ምን ይሰማሃል? እያለ ይጠይቀዋል። በዚህ መንገድ ያን ጊዜና አሁንን ያለያይለታል። ከሁሉ የሚያስፈራው ስፍራ ላይ ነገሩን አቋርጦ መነሣት አይገባም፤ ፍርሃቱ ሳይበርድ የተዘጋ ታሪክ ይጐዳልና። ስለዚህም አንዱ ቀጠሮ አንድ ሰዓት ተኩል ወይም ሁለት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። አስታማሚው የሰማውን ይጽፋል፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ ያነብለታል፤ ታማሚውም የጐደለውን ይሞላል። በመጨረሻ ታሪኩ በሙሉ ተነብቦ፣ ተፈርሞበት፣ ጽሑፉ ለባለቤቱ ይሰጠዋል። ቃሉን ለጸሐፊ ነግሮ ማስጻፍና ሲነበብለት መስማት ለኢትዮጵያ ባላገር እንግዳ ነገር አይደለም።

ይህ ሕክምና በሰሜን ዩጋንዳ በኢምቬፒ ሰፈር በተጠጉ 43 የሱዳን ስደተኞች ላይ ተፈትኖ፣ ውጤቱ በ2004 ዓ/ም ታተመ። አራት ጊዜ ብቻ ተገናኝተው ታሪካቸውን ከተናገሩት መካከል ከዓመት በኋላ በሽታው ገና ያልለቀቃቸው ከመቶ 29 ያህል ብቻ ሆኑ፤ ምክርና ማጽናናት ብቻ ከተቀበሉት ግን ከመቶ 79 ያህሉ ገና ታማሚዎች ነበሩ። በ2008 ዓ/ም የታተመው ሌላ ምርመራ ደግሞ በናኪቫሌ ሰፈር የተደረገ ነው። በዚያ የሩዋንዳንና የሶማሌን ስደተኞች ያስታመሙት ሐኪሞች ሳይሆኑ ከስደተኞቹ መካከል ተመርጠው የተማሩ ሰዎች ነበሩ፤ እነርሱም ብዙዎችን አዳኑ።

መምህራንን በይበልጥ የሚነካው የስሪ ላንካ ነገር ነው። በ2004 ዓ/ም ታኅሣሥ ወር የባሕር ማዕበል የደሴቲቱን ዳርቻ ሲመታ፣ በሰሜን ምሥራቅ ያሉት ሰዎች አስቀድሞ በጦርነት የተጐዱ ነበሩ። ከ8 እስከ 14 ዓመት የሆናቸውን 31 ታማሚ ልጆች ያስታመሙት፣ ይህን ሥራ የተማሩ የአገሩ መምህራን ናቸው። እኩሌቶቹ ልጆች ታሪካቸውን በተራ ተናገሩ፤ እኩሌቶቹ ትንፋሽን ማዝገምንና ልብን ማሳረፍን ተማሩ። ከስድስት ቀጠሮና ከስድስት ወር በኋላ ከፊተኞቹ ከመቶ 81፣ ከኋለኞቹ ከመቶ 71 ድነው ተገኙ። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ የመዳኛውም መንገድ አንድ ብቻ እንዳልሆነ ያስረዳል።

በሰሜን ኢትዮጵያ ከ2020 እስከ 2022 ዓ/ም በተደረገው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ፈርሰዋል፤ በዚያ ወራት የነበሩት ልጆችም ዛሬ በክፍል ተቀምጠዋል። ይህን ሕክምና ያልተማረ መምህር ግን ልጁን ብቻውን ጠርቶ «ያየኸውን ሁሉ ንገረኝ» ሊለው አይገባም። አደጋ እንደ ደረሰ ወዲያው ሰውን በአንድ ጊዜ ማናዘዝ በሽታውን እንደማይከለክል፣ አንዳንዱንም እንደሚያብስበት በምርመራ ታውቋል። ልጁ ራሱ የተናገረ እንደ ሆነ ሳያቋርጡና ሳይገሥጹ መስማት፣ ለጓደኞቹም አለማውራት ይበቃል።

መምህሩ የሚያደርገው ሌላ ሥራ አለ። ደንጋጣውን ልጅ በሩንና ደጁን ከሚያይበት ስፍራ ያስቀምጠዋል፤ ከኋላው መጥቶ በድንገት አይነካውም፤ ጅራፍም አያነሣበትም። የደወሉን፣ የዕረፍቱንና የመዝሙሩን ሰዓት በየቀኑ ሳያዛባ ይጠብቃል፤ የሚመጣውን አስቀድሞ የሚያውቅ ልጅ ድንጋጤው ይቀንሳልና። ልጁ ወር አልፎት ሳይሻለው የቀረ እንደ ሆነ፣ መምህሩ ከወላጆቹና ከመንደሩ ሽማግሌ ጋር ተማክሮ ወደ ጤና ጣቢያ ይልከዋል። ባነነ፣ አልበላ አለ፣ ጢስ ሸሸ የሚለውን ሁሉ በወረቀት ጽፎ አብሮ መላክ ይጠቅማል፤ ልጁ በሐኪም ፊት ዝም ሊል ይችላልና።