ቡጢ የወህኒ ቤትን በር ይከፍታልን?

ስለ ቡጢ ግጥሚያ የሚናገሩ ፊልሞች ብዙዎች ናቸው። ስለ ወህኒ ቤት ኑሮ የሚናገሩትም ከዚያ አያንሱም። ሁለቱን ነገር ባንድ ጣራ ሥር ያገናኙት ግን ጥቂቶች ሲሆኑ፥ ከነዚህ ውስጥ ተማሪዎችና ወጣት ሹማምንት አይተው ሊከራከሩበት የሚገባ አንድ አለ። ይኸውም ጀማ ፋናካ የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ የፊልም አዘጋጅ በ1979 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ፔኒተንሺያሪ» ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፊልሙን ጽፎ፥ አዘጋጅቶና መርቶ ለሕዝብ ያቀረበው ይህ ሰው በዚያን ጊዜ ገና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረ። በዚያው ትምህርት ቤት ካለፉት የዘመኑ ተማሪዎችም አንዱ የጎንደሩ ተወላጅ ኃይሌ ገሪማ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ ጥቂት እንናገር። «ፔኒተንሺያሪ» የሚለው ቃል ከላቲን የወጣ ሲሆን ሥሩ ንስሐ ማለት ነው። በፊላደልፊያ ከተማ በ1829 የተከፈተው ዝነኛ ወህኒ ቤት የተሠራው በዚሁ አሳብ ነበረ። መሥራቾቹ ጥፋተኛው ከሰው ተለይቶ ለብቻው ቢቀመጥ፥ ከኅሊናው ጋር ተነጋግሮ ይጸጸታል፤ ተጸጽቶም ታርሞ ይወጣል ብለው ያምኑ ነበረ። እንግዲህ በቃሉ ትርጉም ከሄድን ይህ ቤት የንስሐ ቤት ነው። ፋናካ ግን በሩን ከፍቶ ሲያሳየን፥ በውስጡ የምናገኘው ንስሐ ሳይሆን ጡጫ ነው።

ታሪኩም እንዲህ ነው። ማርቴል ጎርዶን የተባለ ወጣት በበረሃ አውራ ጎዳና ላይ የሚያልፍ መኪና እየለመነ ይጓዛል። ጣፋጭ ነገር ስለሚወድ «ቱ ስዊት» ማለትም «ከመጠን በላይ ጣፋጭ» የሚል ቅጽል ወጥቶለታል። አንዲት ሴት በመኪናዋ ታሳፍረዋለች። ከመንገድ ዳር ምግብ ቤት ሲደርሱ ሁለት ሞተር ብስክሌት ነጂዎች ይተናኮሏቸዋል፤ ነገሩም ወደ ጠብ ይለወጣል። በጠቡ መካከል ከነጂዎቹ አንዱ ይሞታል። ቱ ስዊትም ባልሠራው ግድያ ተከስሶ ወህኒ ይወርዳል። አዘጋጁ በክርክሩ ላይ ጊዜ አያጠፋም። ድኻና እንግዳ የሆነ ጥቁር ወጣት ለመታሰር ብዙ ምስክር እንደማያስፈልግበት፥ ተመልካቹ ያለ ንግግር እንዲረዳው ይተወዋል።

ወህኒ ቤቱ የራሱ ሕግ አለው። ሕጉም በወረቀት የተጻፈው ሳይሆን ጉልበተኛው በደካማው ላይ የሚያውጀው ነው። ቱ ስዊት ገና እንደ ገባ የሚታሰረው «ሃፍ ዴድ» ማለትም «ግማሽ ሬሳ» ከሚሉት ጨካኝ ሰው ጋር ነው። ይህ ሰው ደካሞችን በነውር የሚገዛ ነው። አዲስ የመጣውንም እንደዚያው ሊያደርግ ሲነሣ፥ ቱ ስዊት እምቢ ይላል። በጠባቧ ክፍል ውስጥ የሚደረገው ትግል ጓንት የለው፥ ዳኛ የለው፥ የዙር ደወል የለው። ግድግዳው፥ አልጋውና ወለሉ ሁሉ የትግሉ መሣሪያዎች ናቸው። ካሜራውም አብሯቸው እንደ ታሰረ ሁሉ ከግድግዳው ጋር ይጋጫል። ሊዮን አይዛክ ኬኔዲ ቱ ስዊትን፥ ባጃ ጆላ ደግሞ ሃፍ ዴድን ሆነው የሚጫወቱበት ይህ ክፍል ከፊልሙ ሁሉ የማይረሳው ነው። ስለ ጀግንነት የሚያወራ ሰው ይህን ቢያይ፥ ብዙ ጊዜ ጀግንነት የምንለው ነገር በእውነቱ ፍርሃት ያስጨነቀው ሰው ትንፋሽ መሆኑን ይገነዘባል።

ከዚህ በኋላ ነው ቡጢው በደንብና በሥርዓት የሚመጣው። በወህኒ ቤቱ ውስጥ ሥልጣን ያለው አንድ መኰንን የእስረኞች የቡጢ ውድድር ያዘጋጃል። ያሸነፈ ከጊዜው በፊት በአመክሮ የመፈታት ተስፋ ይሰጠዋል። ቱ ስዊትን የሚያሠለጥነው «ሴልደም ሲን» ወይም «እምብዛም የማይታይ» የተባለ ሽማግሌ እስረኛ ነው። ፍሎይድ ቻትማን የሚጫወተው ይህ ሽማግሌ አብዛኛውን ዕድሜውን በወህኒ የጨረሰ ነው። ለወጣቱ የሚያስተምረው እጅ መሰንዘርን ብቻ አይደለም፤ ቁጣን መግዛትን፥ ትንፋሽን መቆጠብን፥ ባላጋራን ከመምታት በፊት ማየትን ነው። የኛ አባቶች «በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች» የሚሉት ተረት የሽማግሌውን ትምህርት ባጭሩ ይገልጸዋል። በወህኒ ቤት ያለ ልክ የተናደደ ሰው የሚጎዳው ራሱን ነው፤ በቅጣት ላይ ቅጣት ይጨምርለታልና።

እስቲ ከዚህ ላይ አንድ ጥያቄ እናንሣ። ቱ ስዊት ንጹሕ ሰው ነው። ነገሩ እንደገና ታይቶ በነጻ ሊለቀቅ የሚገባው በፍርድ ቤት ነበረ። አሁን ግን የሚለቀቀው ሌላውን እስረኛ ደብድቦ ካሸነፈ ብቻ ነው። የሚሸነፈውስ? እሱም እንደርሱ ነጻነቱን የሚፈልግ ሰው አይደለምን? ነጻነት አንድ ብቻ ተደርጋ ለሁለት እስረኞች መካከል ትጣላለች፤ ሁለቱም ይፋለሙባታል፤ ዳርና ዳር የቆመው ያጨበጭባል። ቁልፉ በኪሱ ያለው ሰው ግን አንድ ጡጫ እንኳ አያገኘውም። «የተጠማ ከፈሳሽ፥ የተበደለ ከነጋሽ» ይባላል። በዚህ ወህኒ ቤት የተበደለው ወደ ዳኛ ሳይሆን ወደ ቡጢ መድረክ ነው የሚላከው። የፊልሙ ብርቱ ነገር ይህ ነው፤ ምንም እንኳ አዘጋጁ ቆም ብሎ ባይሰብከውም።

ይህ የደራሲ ፈጠራ ብቻ ነው የሚል ቢኖር የአሜሪካን የቡጢ ታሪክ ይመልከት። ሶኒ ሊስተን በ1950 በዝርፊያ ተፈርዶበት ወደ ሚዙሪ ወህኒ ቤት ሲገባ ስሙን መጻፍ የሚቸግረው ሰው ነበረ። ቡጢ ያስጀመሩት እዚያው የነበሩ የካቶሊክ ቄስ ናቸው። በ1952 በአመክሮ ተፈታ፤ በ1962ም ፍሎይድ ፓተርሰንን በመጀመሪያው ዙር ጥሎ የዓለም የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆነ። ለእርሱ በእርግጥ ቡጢ በር ከፍቶለታል ማለት ይቻላል።

የጄምስ ስኮት ታሪክ ግን ለፊልሙ የበለጠ ይቀርባል። ስኮት በኒው ጀርሲ ግዛት በራህዌይ ወህኒ ቤት ታስሮ ሳለ፥ ከግቢው ሳይወጣ ከዓለም ታላላቅ ቡጢኞች ጋር ይጋጠም ነበረ። ተጋጣሚዎቹ በወህኒው በር ገብተው፥ ተጋጥመው፥ በዚያው በር ይወጣሉ፤ እርሱ ግን ካሸነፈ በኋላ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። በጥቅምት ወር 1978 ኤዲ ግሪጎሪን በ12 ዙር በነጥብ ሲያሸንፍ ግጥሚያው በቴሌቪዥን ተላልፏል። ይኸው የተሸነፈው ግሪጎሪ በ1980 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። አሸናፊው ስኮት ግን የዓለም የቡጢ ማኅበር እስረኛ በመሆኑ ከደረጃው ስላወጣው ለሻምፒዮንነት አልቀረበም። በ1981 ዱዋይት ብራክስተን የተባለው ቡጢኛ እዚያው ራህዌይ ድረስ መጥቶ አሸነፈው። የሚያስገርመው ብራክስተን ራሱ ቀድሞ በዚያው ወህኒ ቤት ታስሮ የነበረ፥ ቡጢንም እዚያው የተማረ መሆኑ ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ብራክስተን የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ስኮት ግን የተፈታው በ2005 ነው።

እንግዲህ የሁለቱን ሰዎች ነገር ስናስተያይ፥ ቡጢ ለሊስተን በር ሲከፍት ለስኮት ግን መስኮት ብቻ ነው የከፈተለት። ዓለም በመስኮቱ አየችው፤ አጨበጨበችለት፤ ከዚያም መስኮቱን ዘጋችው። የእጁ ብርታት ከወህኒ ሊያወጣው አልቻለም፤ የሚያወጣና የሚያስገባ ሕግ ነውና።

አሁን ወደ ትምህርት ቤቱ እንመለስ። በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፥ በ1965 በዋትስ ሠፈር ከተነሣው የሕዝብ ቁጣ በኋላ ባሉት ዓመታት፥ ጥቁሮችና ሌሎች የተገፉ ወገኖች ልጆች ወደ ፊልም ክፍሉ መግባት ጀመሩ። ከነርሱም ቻርልስ በርኔት፥ ኃይሌ ገሪማ፥ ጁሊ ዳሽና ጀማ ፋናካ ይገኙባቸዋል። በኋላ የፊልም ሊቃውንት እነዚህን ወጣቶች «የሎስ አንጀለስ ዓመፅ» ብለው ሰየሟቸው። ዓመፃቸው በሆሊውድ ላይ ነበረ። ጥቁር ሰው በፊልም ላይ ሎሌ ወይም ወንበዴ ብቻ ሆኖ መታየቱን ጠሉ፤ የሠፈራቸውን ኑሮ በራሳቸው ዓይን ለማሳየት ተነሡ።

ፋናካ በ1942 በሚሲሲፒ ግዛት በጃክሰን ከተማ ሲወለድ ስሙ ዎልተር ጎርደን ነበረ። በኋላ ግን ከስዋሂሊ ቋንቋ አዲስ ስም አወጣ። «ጀማ» ወገን ወይም ቤተ ሰብ፥ «ፋናካ» ደግሞ መሳካት ማለት ነው። በትምህርት ላይ ሳለ ሦስት ሙሉ ፊልሞች መሥራቱ ለተማሪ ከባድ ሥራ ነው፤ ሦስተኛው «ፔኒተንሺያሪ» ነው። ብዙዎቹ ጓዶቹ የሆሊውድን መንገድ ፈጽመው ሲሸሹ፥ እርሱ ግን የሠፈሩ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ የሚሰለፍበትን ፊልም መሥራት ፈለገ። እንደ ፈለገውም አገኘ። ፊልሙ በ1980 ከትልልቆቹ ኩባንያዎች ውጭ ከተሠሩት ሁሉ ብዙ ገቢ ካገኙት አንዱ ሆነ።

የኃይሌ ገሪማ መንገድ ሌላ ነበረ። ኃይሌ በ1967 ወደ አሜሪካ ሄዶ በመጀመሪያ በቺካጎ ቴአትር ተማረ፤ ከዚያም ወደ ሎስ አንጀለስ ተሻግሮ የፊልም ተማሪ ሆነ። በ1975 የጨረሰው «ቡሽ ማማ» ስለ ወህኒ ቤትም ይናገራል። በዋትስ ሠፈር በመንግሥት ርዳታ ልጇን የምታሳድግ ዶሮቲ የተባለች ሴት አለች። ባልዋ ቲሲ ከቬትናም ጦርነት የተመለሰ ወታደር ሲሆን፥ እንደ ቱ ስዊት ባልሠራው ወንጀል ይታሰራል። ነገር ግን ቲሲ በወህኒ ቤት ጓንት አያጠልቅም፤ ደብዳቤ ይጽፋል። በደብዳቤዎቹም ለምን እንደ ታሰረ፥ እንደርሱ ያሉትን ሰዎች ወደ ወህኒ የሚያመጣቸው ምን እንደ ሆነ መመርመር ይጀምራል። የአሜሪካ የኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍት በ2022 ይህን ፊልም ተጠብቀው ሊቆዩ ከሚገባቸው የአገሪቱ ፊልሞች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል።

ባንድ ትምህርት ቤት ካለፉ ሁለት ተማሪዎች፥ በግፍ ስለ ታሰሩ ሁለት ሰዎች፥ ሁለት ልዩ ልዩ መልስ ተገኘ። አንደኛው «ራስህን በክንድህ አድን» ይላል። ሁለተኛው «ማን እንዳሰረህ ዕወቅ» ይላል። የትኛው ይሻላል? ፋናካን መናቅ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ሃፍ ዴድ በሌሊት ሲነሣ ደብዳቤ አያድንም። ኃይሌንም አይገባም ብሎ መተው ቀላል ነው፤ ነገር ግን ቱ ስዊት ቢፈታ እንኳ ወህኒ ቤቱ እንደ ቆመ፥ መኰንኑም ሌላ ቡጢኛ እንደሚፈልግ የሚያስተውል ሰው ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ለዛሬ ሌሊት፥ ሁለተኛው ለነገ ነው።

«ፔኒተንሺያሪ» ጉድለት የሌለበት ፊልም አይደለም። ጭካኔውን አንዳንድ ጊዜ ለማስተማር ሳይሆን ለማስደነቅ ብቻ ያሳያል። ሴቶቹን ከሰውነታቸው ይልቅ እንደ ሽልማት የሚያይበት ጊዜ አለ። የገንዘቡ መሳካት አዘጋጁን ስቦት በ1982ና በ1987 ሁለት ተከታይ ፊልሞችን ሠራ። በእነዚያ ግን የመጀመሪያው እውነት እየሳሳ፥ ትርኢቱ እየደመቀ ሄደ። ፋናካ በኋላ የሆሊውድ አዘጋጆች ማኅበር ለጥቁሮችና ለሴቶች ሥራ እንዲከፈት አላደረገም ብሎ ክስ መሠረተ። ክሱ አልተሳካለትም፤ ሥራም እየራቀው ሄደ። በ2012 ዐረፈ።

ለወጣት አንባብያን ከዚህ ሁሉ የሚቀረው ምንድን ነው? ለተማሪው፥ ሰፊ ገንዘብና ትልቅ ኩባንያ ሳይጠብቅ በትምህርት ቤት መሣሪያ የሚያውቀውን ኑሮ መናገር እንደሚቻል ነው። ለወጣቱ ሹም ደግሞ ሌላ ትምህርት አለው። በፊልሙ ውስጥ ከሁሉ የሚያስፈራው ሰው ሃፍ ዴድ አይደለም። እርሱ ክፉነቱ በፊቱ ላይ ተጽፏል፤ የሚመጣበትም አቅጣጫ ይታወቃል። የሚያስፈራው የሰውን መብት ሽልማት አድርጎ ያቀረበው መኰንን ነው። ሰውየው ሊሰጠው የሚገባውን ነገር ይዞ «እስቲ አሸንፍና ውሰድ» ይላል፤ ሰጥቶም ሲያበቃ እንዲመሰገን ይጠብቃል።

እንዲህ ያለው ነገር የሚሠራው በወህኒ ቤት ብቻ አይደለም። ማኅተምና ፊርማ ባለበት ጠረጴዛ ሁሉ ሊሠራ ይችላል። ባለጉዳይ በሕግ የሚገባውን ለማግኘት ደጅ ሲጠና፥ ከሌላው ባለጉዳይ ጋር ሲጋፋ፥ ሲለምንና ሲያሞግስ የሚውል ከሆነ፥ ጠረጴዛው የቡጢ መድረክ ሆኗል ማለት ነው። ያን ጊዜ ከጠረጴዛው በስተኋላ የተቀመጠው ሹም ቁልፉ በማን ኪስ እንዳለ ቢያስብ መልካም ነው።